በስምዎ ሌላ ሰው ታክስ ቢሞላ፦ ደብዳቤውን መመለስ፣ ፎርም 14039 መላክ ወይስ አይፒ ፒን ማውጣት?

አሜሪካ ውስጥ ታክስዎን በኮምፒውተር ልከው “በዚህ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ቀድሞ ፋይል ተደርጓል” ተብሎ ሲመለስ፣ ወይም ስለማያውቁት ሪተርን (የተሞላ የታክስ ፎርም) የሚጠይቅ የአይአርኤስ (የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ፖስታ ሳጥንዎ ውስጥ ሲያገኙ፣ ብዙ ሰው በድንጋጤ ያገኘውን በር ሁሉ ያንኳኳል። ይደውላል፣ ፎርም ይልካል፣ መልስ ሲዘገይ ያንኑ ፎርም ይደግማል። ጉዳዩን የሚያጓትተውም ይኸው ነው። ተመሳሳይ ማመልከቻ ሁለት ጊዜ የገባ እንደሆነ ሠራተኞቹ ሁለቱን አገናኝተው እስኪያጣሩ ድረስ ፋይሉ ይቆማል።

የትኛውን መንገድ እንደሚይዙ የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሌባው ያስገባው ሪተርን አሁን የት ደርሷል? አይአርኤስ ጠርጥሮ ይዞታል? ተቀብሎ አልፎታል? ወይስ ቁጥርዎ ወጥቷል እንጂ እስካሁን የገባ ነገር የለም? ለሦስቱም መልሱ የተለያየ ነው።

መጀመሪያ ግን ስርቆት መሆኑን ያረጋግጡ

ከኢ-ፋይል የተመለሰ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም። ከመልሱ ጋር የሚመጣውን ኮድ ያንብቡ። አይኤንዲ-031-04 የሚል ከሆነ ያስገቡት ያለፈው ዓመት ኤጂአይ (የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢ) ወይም ፒን ከአይአርኤስ መዝገብ ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ ቁጥሩን አስተካክሎ እንደገና መላክ ይበቃል። አር0000-902-01 ከሆነ በእርስዎ ቁጥር የዚያ ዓመት ሪተርን ቀድሞ ገብቷል፤ ይህ እውነተኛው የስርቆት ምልክት ነው። ያም ሆኖ ባለቤትዎ ወይም ታክስ የሚሠራልዎ ሰው አስቀድመው ልከውት እንደሆነ፣ አንድ ዲጂት ተሳስቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

አር0000-507-01 ደግሞ ልጅዎን ሌላ ሰው ዲፔንደንት (ጥገኛ) አድርጎ አስገብቷል ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞ የትዳር ጓደኛ ወይም ዘመድ ነው፤ ይህ ደግሞ የይገባኛል ክርክር ስለሆነ የማንነት ስርቆት ፎርሙ 14039 አይፈታውም። እስከ 2024 የነበረው መፍትሔ ሪተርኑን በወረቀት መላክ ብቻ ነበር። ከ2025 የፋይል ወቅት ጀምሮ ግን ዋናው ታክስ ከፋይ አይፒ ፒን (አይአርኤስ የሚሰጠው የማንነት መጠበቂያ ቁጥር) ካለው ልጁ በሌላ ሰው ሪተርን ላይ ቢኖርም ኢ-ፋይሉ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ለሁለቱም ወገን ሲፒ87ኤ የተባለ ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል፤ የማይገባው ሰው ያስተካክላል፣ ካላስተካከለ ወደ ምርመራ ይሄዳል። ልጅዎን ያስገባው ጭራሽ የማያውቁት ሰው ከሆነ ያኔ ስርቆት ነው።

ከመደወል በፊት የሚጠቅም አንድ ሥራ አለ፦ በአይአርኤስ ኦንላይን አካውንትዎ ገብተው የዓመቱን አካውንት ትራንስክሪፕት (የሒሳብ መዝገብ) ማየት። 150 የሚል ኮድ ካለ ሪተርን ተመዝግቧል። 570 ካለ ተይዟል። 846 ካለ ሪፈንዱ ወጥቷል፣ ቀኑና መጠኑም አጠገቡ ተጽፏል። እርስዎ ምንም ሳይልኩ 846 ካዩ ገንዘቡ ሄዷል፤ ቢሆንም የእርስዎ መብት አብሮት አልሄደም፤ ትክክለኛውን ሪተርን አስገብተው ጉዳዩ ሲጣራ የሚገባዎት ይከፈልዎታል።

ደብዳቤ ከደረሰዎት፦ ለደብዳቤው ይመልሱ፣ ፎርም 14039 አይላኩ

አይአርኤስ የገባው ሪተርን አጠራጥሮት ሳያልፍ ካቆመው ደብዳቤ ይጽፋል። ከሁሉ የተሻለው ሁኔታ ይህ ነው፤ ገንዘቡ ገና አልወጣም። ቁጥሩ ከገጹ ጥግ ላይ ነው። 5071ሲ በኦንላይን ወይም በስልክ እንዲመልሱ ይጠይቃል። 4883ሲ በስልክ ነው። 5747ሲ የሚላከው በአካል ቀርቦ ማንነትን ማሳየት ሲያስፈልግ ነው፤ ቀጠሮ በ844-545-5640 ይያዛል። መልስ የሚጠበቀው ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ነው።

ምርጫ ካለዎት ኦንላይኑ ይፈጥናል፣ ግን አይዲ ዶት ሚ በተባለው ማረጋገጫ ማለፍ ይጠይቃል። ብዙ ሐበሻ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሶሻል ካርዱ ላይ የለም፤ ወይም የአባት ስም “ሚድል ኔም” ሆኖ ገብቷል። ሰነዶችዎ እንዲህ ካልተስማሙ ከኦንላይኑ ጋር ሲታገሉ ሳምንት ከሚያልፍ ስልኩን ይምረጡ። ሲደውሉ ደብዳቤው፣ ያለፈው ዓመት ሪተርን፣ ደብሊው-2 እና 1099 ፊትዎ ይሁኑ፤ የሚጠይቁት ከእነዚህ ላይ ነው። አይአርኤስ የስልክ አስተርጓሚ አለው፤ “አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር” ብለው ይጠይቁና ይጠብቁ። እንግሊዝኛ የሚችል ልጅዎ በእርስዎ ስም እንዲናገር ማድረግ ሠራተኛው ጥያቄውን እንዲያቋርጥ ሊያደርግ ይችላል፤ እርስዎ አጠገቡ ሆነው ፈቃድዎን በድምፅ መስጠት አለብዎት።

የሚሉት አጭር ነው፦ “ይህን ሪተርን እኔ አላስገባሁም።” ከዚያ ሪተርኑ ከአካውንትዎ ይወጣል። የእራስዎን ገና ካልላኩ እንዴት እንደሚልኩ ይነግሩዎታል፤ ኢ-ፋይል ካልሄደ በወረቀት ነው። በዚህ መንገድ ላይ 14039 መጨመር አያስፈልግም፤ ፎርሙ ራሱ ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱ ለደረሰው ሰው “አትላክ” ይላል።

ደብዳቤው ሲፒ2000 (ሪተርንዎ ላይ ያልተጻፈ ገቢ አለ የሚል ማስታወቂያ) ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ በእርስዎ ቁጥር ሌላ ሰው ሠርቶ ገቢው በእርስዎ ላይ ተቆጥሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ከማስታወቂያው ጋር ባለው የመልስ ወረቀት ላይ “አልስማማም” ብለው፣ የትኛው አሠሪ የእርስዎ እንዳልሆነ ለይተው ይመልሱ። ሲፒ01ኢ ደግሞ ያንኑ የሥራ ስርቆት የሚያሳውቅ ነው፤ ለአይአርኤስ የሚልኩት ነገር የለም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ የገቢ መዝገብዎን ግን ያጣሩ።

እውነተኛ ግንኙነት የሚጀምረው በፖስታ ነው። በቴክስት፣ በኢሜይል ወይም በዋትስአፕ “ሪተርንዎ ተይዟል፣ እዚህ ይጫኑ” የሚል ሰው ሁለተኛው ሌባ ነው።

ደብዳቤ ሳይመጣ ኢ-ፋይል ከተመለሰ፦ ወረቀት እና 14039

እዚህ ላይ የሌባው ሪተርን ተቀባይነት አግኝቷል። በአንድ ቁጥር ሁለተኛ ኢ-ፋይል አይገባም፤ አይፒ ፒን ዛሬ ቢያወጡም ለዚያ ዓመት በሩን አይከፍትልዎትም። ስለዚህ ፎርም 1040ን አትመው፣ በእጅ ፈርመው፣ ደብሊው-2ን ከፊት አያይዘው በፖስታ ይልካሉ። 1040-ኤክስ አይጠቀሙ። እሱ የራስን ሪተርን ማስተካከያ ነው፤ የሌባውን ሪተርን “የእኔ ነበር፣ ልቀይረው” እንደማለት ይሆናል። ከሚጎዱ ስህተቶች ሁሉ በዝምታ የሚጎዳው ይህ ነው።

ፎርም 14039 ማለት “ማንነቴ ተሰርቋል” የሚል የመሐላ ቃል ነው። መላኪያው አራት መንገድ አለው። በአይአርኤስ ገጽ በኦንላይን መሙላት አንዱ ነው። አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ በሚባለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ገጽ መሙላት ሁለተኛው ነው፤ ኮሚሽኑ ፎርሙን ለአይአርኤስ ያስተላልፋል፣ ለእርስዎም የማንነት ስርቆት ሪፖርት ይሰጥዎታል። ሦስተኛው ፋክስ ነው፣ 855-807-5720። አራተኛው ከወረቀቱ ሪተርን ጀርባ አያይዞ በፖስታ መላክ ነው።

ከአራቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ። ሌባው ታክስ ብቻ ከነካ የአይአርኤስ ኦንላይን ይበቃል። ክሬዲት ካርድ ወይም የባንክ አካውንትም ተከፍቶብዎት ከሆነ የኮሚሽኑ መንገድ ይሻላል፤ ያ ሪፖርት ለባንክም ለክሬዲት ቢሮም ያገለግላል። ኮምፒውተር የማይመችዎ ከሆነ ደግሞ ማያያዝ ቀላል ነው፣ ሁለቱም በአንድ ፖስታ ይሄዳሉ። ፋክስ የሚጠቅመው የላከበትን ማረጋገጫ ወረቀት ለሚያስቀምጥ ሰው ነው።

ሲሞሉ በማብራሪያው ቦታ ረጅም ታሪክ አይጻፉ። “የ2024 ሪተርኔን በዚህ ቀን በኢ-ፋይል ላክሁ፣ በዚህ ኮድ ተመለሰ፣ ሌላ ሪተርን አላስገባሁም፣ ማንም እንዲያስገባልኝ አልፈቀድሁም” ማለት ይበቃል። የተነካውን ዓመት በትክክል ይጥቀሱ፤ የ2024 ታክስ በ2025 ስለሚሞላ ብዙ ሰው ዓመቱን ያሳስታል። ባልና ሚስት ሁለቱም ከተነኩ ለየብቻ ይሞላሉ። ለልጅ ወላጅ ይፈርማል።

ወረቀቱ በሰርቲፋይድ ሜይል ከሪተርን ሪሲፕት ጋር ይሂድ። ደረሰኙ ላይ ያለው የፖስታ ማህተም ቀን በሕግ የገባበት ቀን ሆኖ ይቆጠራል፤ ኤፕሪል 15 ላይ ወረፋ ይዞ ለሚልክ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የባንክ ቁጥርዎን በሪፈንዱ መስመር ላይ ጽፈው እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ መንግሥት የወረቀት ቼክ መላክን እያቆመ ነው። አድራሻ ከቀየሩ ፎርም 8822 ይላኩ። አይአርኤስ አድራሻ የሚወስደው ከመጨረሻው ሪተርን ነው፤ ያ ሪተርን የሌባው ከሆነ ደብዳቤዎ የማያውቁት ቤት ሊሄድ ይችላል።

ዕዳ ካለብዎት ስርቆቱ ቀኑን አያራዝመውም። ያለመሙላት ቅጣት በየወሩ 5 በመቶ ሆኖ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፣ ያለመክፈሉ በወር 0.5 በመቶ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ መንገድ ላይ እያለም በዳይሬክት ፔይ ይክፈሉ፤ ለመክፈል ሪተርኑ እስኪመዘገብ መጠበቅ የለብዎትም።

አሁን ስለ ጊዜው። አይአርኤስ ፎርሙ መድረሱን በደብዳቤ ያሳውቃል። ከዚያ ዝምታው ይረዝማል። የታክስ ከፋዮች ተሟጋች ቢሮ በ2024 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት መሠረት አንድ የስርቆት ጉዳይ ለመዝጋት በአማካይ 22 ወር ገደማ ይፈጅ ነበር። የዘንድሮን ኪራይ ወይም የልጅ ትምህርት ክፍያ በዚያ ሪፈንድ ላይ አያቅዱ። መዘግየቱ ግን በነጻ አይደለም፤ ሪፈንዱ ከ45 ቀን በላይ ሲቆይ አይአርኤስ ወለድ ይጨምራል። ወለዱ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው።

ሌባው በእርስዎ ስም ምን እንደጻፈ ማየት ከፈለጉ ፎርም 4506-ኤፍ አለ። ስምዎ በሪተርኑ ላይ ዋና ወይም ሁለተኛ ታክስ ከፋይ ሆኖ ከገባ ቅጂው ይሰጥዎታል፤ የተወሰነው መረጃ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። የት አገር የባንክ አካውንት እንደተጠቀመ ለማወቅ ብለው ከሆነ ብዙ አይጠብቁ። የትኛው መረጃዎ እንደወጣ፣ የልጆችዎ ቁጥር ተነክቶ እንደሆነ ለመረዳት ግን ይጠቅማል።

ሌባው ታክስ የሚሠራልዎ ሰው ከሆነ

ይህ በማኅበረሰባችን ውስጥ በዝምታ የሚታለፍ ነው። ሰውየው ሪተርኑን ሠርቶ ቅጂ ይሰጥዎታል፣ ከዚያ ሌላ ቁጥር ያለበትን ይልካል፤ የሌለ ንግድ ይጨምራል፣ ከሪፈንዱ ከፊሉን ወደ ራሱ አካውንት ያስገባል። ወይም ዋጋ ጠይቀው ብቻ ሄደው ሳለ ያለፈቃድዎ ይልካል። እዚህ ላይ 14039 ትክክለኛው ወረቀት አይደለም። የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው፦ ፎርም 14157 የአቤቱታው፣ 14157-ኤ ደግሞ በእርስዎ አካውንት ላይ የደረሰውን ለማስተካከል የሚሞላው ቃለ መሐላ። የሰጠዎትን ቅጂ፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን እና ትክክለኛውን የተፈረመ ሪተርን አብረው ያያይዛሉ። ገንዘብ ወደ እሱ ሄዶ ከሆነ የፖሊስ ሪፖርት ያዘጋጁ። ሪተርኑ ላይ የአዘጋጁ ስምና ፒቲን (የታክስ አዘጋጅ መለያ) ቁጥር ከሌለ “ራሱ ታክስ ከፋዩ ሞላው” ተብሎ ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ ከቢሮው ጋር የተለዋወጡት ቴክስትና የከፈሉበት ደረሰኝ ዋና ማስረጃዎ ይሆናሉ። የአገር ልጅ ነው ብሎ መተው የሚያመጣው ዕዳ በእርስዎ ላይ ይቀራል፤ ለሪተርኑ የሚጠየቀው ባለቁጥሩ ነው።

ያልጠየቁት ሪፈንድ ባንክዎ ውስጥ ከገባ

አንዳንድ ሌቦች ገንዘቡን ሆን ብለው ወደ እውነተኛው ባለቤት አካውንት ያስገቡና “በስህተት ነው፣ መልሱልን” ብለው ይደውላሉ። ለደዋዩ ምንም አይላኩ። የባንክዎን ኤሲኤች (የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር) ክፍል ጠይቀው ወደ አይአርኤስ እንዲመልሱት ያድርጉ፣ ከዚያ ለአይአርኤስ በ800-829-1040 ደውለው ምክንያቱን ያስረዱ። በቼክ ከመጣና ካልተመነዘረ ጀርባው ላይ “ቮይድ” ብለው ጽፈው ከአጭር ማብራሪያ ጋር በ21 ቀን ውስጥ ይመልሱ።

እስካሁን ምንም ካልገባ፣ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት፦ አይፒ ፒን

አይፒ ፒን በየዓመቱ የሚቀየር ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ነው። አንዴ ከተሰጠዎት ያለ እሱ በቁጥርዎ የሚላክ ኢ-ፋይል ይመለሳል። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ሶሻል ወይም አይቲን (ሶሻል ለሌለው የሚሰጥ የታክስ ቁጥር) ያለው ማንኛውም ሰው በፈቃዱ ማውጣት ይችላል፤ ልጆችም ጭምር።

ሦስት ማውጫ አለው። ኦንላይን ወዲያው ይሰጣል፤ ግን በየዓመቱ ከጃንዋሪ አጋማሽ በኋላ ራስዎ ገብተው አዲሱን ማየት አለብዎት፣ ይህን ረስቶ በኤፕሪል የሚሯሯጥ ብዙ ነው። ፎርም 15227 ኦንላይን ለማይሆንለት ነው፤ የገቢ ጣሪያ አለው፣ በ2025 ለአንድ ሰው ኤጂአይ ከ84,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት በጋራ ከ168,000 ዶላር በታች መሆን ነበረበት። አይአርኤስ ደውሎ ማንነትዎን ይጠይቃል፣ ቁጥሩ በፖስታ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይመጣል፣ በሚቀጥሉት ዓመታትም በፖስታ ይላካል። ከማይታወቅ ቁጥር የመጣ ስልክ የማያነሱ ከሆነ ይህ መንገድ ይከሽፋል። ሦስተኛው ቀጠሮ ይዞ መታወቂያ ይዞ በአካል መቅረብ ነው፤ ገቢው ከጣሪያው በላይ ለሆነና ስሙ በሰነዶቹ ላይ ለማይስማማ ሰው እኛ የምንመርጠው ይህን ነው።

ስርቆቱ በአይአርኤስ የተረጋገጠለት ሰው መጠየቅ ሳያስፈልገው በየዓመቱ ሲፒ01ኤ በተባለ ደብዳቤ ቁጥሩን ያገኛል። ደብዳቤው እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ስለሚመስል ይጣላል፤ ይጠንቀቁ። ከጠፋ በ800-908-4490 ይጠይቃሉ፣ እስከ 21 ቀን ይወስዳል። ቁጥሩን ሪተርንዎን ለሚፈርመው አዘጋጅ ብቻ ይስጡ፤ አይአርኤስ ራሱ ደውሎ አይጠይቅዎትም።

ክሬዲት መዝጋት ይህን አይተካም

“ክሬዲቴን ፍሪዝ አድርጌያለሁ” ብሎ የሚያርፍ ሰው በታክስ በኩል ምንም አልዘጋም። አይአርኤስ ሪፈንድ ሲልክ የክሬዲት ቢሮን አያይም። ፍሪዝ ግን ሌባው በዚያው ቁጥር ብድር እንዳይወስድ ስለሚከለክል ከአይፒ ፒን ጎን ለጎን ይደረግ። ከ2018 ጀምሮ በነጻ ነው፣ በኤኩዊፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን ለየብቻ ይጠየቃል። ፍሮድ አለርት ለአንዱ ቢሮ ቢነገር ለሌሎቹ ይደርሳል፣ አንድ ዓመት ይቆያል፣ የስርቆት ሪፖርት ላለው 7 ዓመት፤ ሆኖም ያስጠነቅቃል እንጂ አይዘጋም። በቅርቡ ቤት ወይም መኪና ለመግዛት ካላሰቡ ፍሪዙ ይሻላል።

ብቻዎን፣ በነጻ እርዳታ ወይስ በክፍያ?

ለደብዳቤ መመለስና 14039 መሙላት ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። “በ500 ዶላር አስጨርሳለሁ” የሚል ሰው ወረፋው ውስጥ ሊያስቀድምዎት አይችልም።

ገቢዎ ከፌዴራል ድህነት መስመር 250 በመቶ በታች ከሆነ ሎው ኢንካም ታክስፔየር ክሊኒክ የሚባሉት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ በአይአርኤስ ፊት ይወክሉዎታል፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው መብቱን ማስረዳትም ሥራቸው ነው። ሲፒ2000 ወይም የዕዳ ማስታወቂያ ከመጣብዎት መጀመሪያ እነሱን ያነጋግሩ።

የታክስ ከፋዮች ተሟጋች ቢሮ በአይአርኤስ ውስጥ ያለ ግን ራሱን የቻለ ነው፤ ስልኩ 877-777-4778፣ ፎርሙ 911። በተለይ የሚቀበሉት ችግሩ ኑሮን ሲነካ ነው፤ ከቤት ሊወጣ ያለ፣ መብራት ሊቆረጥበት ያለ ሰው የማስጠንቀቂያ ወረቀቱን አያይዞ ይላክ። “ብዙ ጊዜ ጠበቅሁ” ከሚል ደብዳቤ ይልቅ ያ አንድ ገጽ ይሠራል። ለኮንግረስ አባል ቢሮ ቢጽፉም ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ወደዚሁ ቢሮ ነው የሚመለሰው፤ በሁለቱም በኩል መግባት ትርፍ የለውም።

ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ወይም ኤንሮልድ ኤጀንት (በአይአርኤስ ፊት መወከል የሚችል የታክስ ባለሙያ) መቅጠር የሚገባው ብዙ ዓመት ከተነካ፣ የንግድ ገቢ ካለ ወይም ንግዱ ራሱ ከተሰረቀ ነው፤ ለንግድ ፎርሙ 14039-ቢ ነው።

የስቴቱ ታክስ ለብቻው ነው። አይአርኤስ ዘንድ የተፈታው ጉዳይ ለስቴቱ አይነገርም፤ አይፒ ፒንም በስቴት ሪተርን ላይ አይሠራም። በካሊፎርኒያ ኤፍቲቢ 3552 የሚባል የራሱ ቃለ መሐላ አለ፤ በሌሎች ስቴቶች በገቢዎች ቢሮው ገጽ ላይ “አይደንቲቲ ቴፍት” ብለው ይፈልጉ። በስምዎ የሥራ አጥ ክፍያ ተወስዶ 1099-ጂ ከመጣ ደግሞ ለስቴቱ የሥራ ቢሮ አመልክተው የታረመ 1099-ጂ ያስወጡ፤ ያልተቀበሉትን ገንዘብ በሪተርንዎ ላይ አይጻፉ፣ እርማቱ ቢዘገይም ሪተርንዎን በጊዜው ይላኩ።